ቦታዋን የምታከራይ አገር፦ የጅቡቲ የጉዞ ማስታወሻ

ረቡዕ፦ ከድሬዳዋ ወደ ነጋድ

ድሬዳዋ ጣቢያ ባቡር የሚጠብቀው ሰው ግማሹ ነጋዴ ነው። ሻንጣ የያዝነው ጥቂቶች ነን። ሌላው ባዶ ጆንያ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ሸጉጧል። ሲሄድ ባዶ፣ ሲመለስ ሙሉ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ይህን መንገድ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚያውቁት አጫወቱኝ። ምን እንደሚያመጡ ስጠይቃቸው «የተገኘውን ነዋ ልጄ!» አሉና ወሬውን ወደ ሙቀቱ አዞሩት። ጉምሩክ መስያቸው ይሆናል።

መስመሩ አዲሱ ነው። ቻይናዎች የሠሩት፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ከአዲስ አበባ ዳርቻ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።) አሮጌው የፈረንሳዮች ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነበር። አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1917 ፈጅቶበታል። ድሬዳዋ ራሷ የዚያ ባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስላልቻለ ከተማ ከግርጌው ተቆረቆረ።

ከሽንሌ በኋላ አረንጓዴው እየሳሳ ሄደ። ግራር፣ ጠጠር፣ ግመል፣ ደግሞ ጠጠር። አዲጋላ አካባቢ በመስኮት ብታዩ ዓይን የሚይዝ ነገር የለም። ግን የጅቡቲ ከተማ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። እዚህ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ውኃ ከ100 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ቧንቧ ወደዚያ ይወርዳል። ቧንቧው በቻይና ብድር ተሠርቶ በ2017 ሥራ ጀመረ። በአካባቢው ሴቶች ቢጫ ጀሪካን አህያ ላይ ጭነው ሲሄዱ አየሁ። ነገሩ አስገረመኝ ብዬ ልለፈው።

ደወሌ ላይ የኛ ኬላ አለ። ፓስፖርት፣ ማኅተም፣ ወረፋ። ከዚያ አሊ ሳቢህ። ኮረብታዎቹ ቀይ ናቸው፣ የተቆላ በርበሬ ዓይነት። ሆልሆልን አልፈን ነጋድ ጣቢያ ስንወርድ የባሕሩ እርጥበት ፊቴን መታኝ። ታኅሣሥ በመሆኑ ዕድለኛ ነኝ። በክረምት ይህ ቦታ ከ40 ዲግሪ በላይ ይገባል፤ አቅም ያለው ነዋሪ ልጆቹን ይዞ ወደ ደጋው ይሸሻል። ብዙዎቹ የሚሸሹት ወደ እኛ ነው።

የአክስቴ ልጅ መኪና ይዞ ቆሟል። እዚህ ትራንዚተር፣ ማለትም የጭነት ሰነድ አስፈጻሚ ሆኖ ይሠራል። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ጃኬቱን አውልቅ!» አለኝ።

ሐሙስ፦ ከተማው

ጅቡቲ ትንሽ አገር ናት። ስፋቷ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የእኛን የአፋር ክልል ሲሶ አታክልም። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮንን ትንሽ ያልፋል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የሚኖረው በዚህችው ዋና ከተማ ነው። ስለዚህ ከተማውን አየሁ ማለት አገሩን አየሁ ለማለት ይቃረባል። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ዋናው አደባባይ በወረቀት ላይ «27 ሰኔ 1977» ይባላል፣ ነጻነት የታወጀበት ቀን። ሰው ግን አሁንም «ምኒልክ» ነው የሚለው። ዙሪያውን ቅስት በረንዳ ያላቸው ነጫጭ ሕንጻዎች ከበውታል። ከበረንዳው ሥር ምንዛሪ ቤት፣ ካፌ፣ የሴት ሽቶ፣ የፈረንሳይ ዳቦ። ከዚያ ትንሽ ወረድ ስትሉ ገበያው ይጀምራል፤ ከገበያው መሐል የሐሙዲ መስጊድ ምናሬ ብቅ ይላል። በ1906 የተሠራ ነው።

ቋንቋው ይገርማል። መንግሥት የሚሠራው በፈረንሳይኛና በዓረብኛ ነው። ሰዉ የሚያወራው ሶማልኛና አፋርኛ። ገበያ ውስጥ ግን በአማርኛ ቲማቲም መግዛት ይቻላል። አንዷ ነጋዴ «ስንት ኪሎ ልስጥህ ወንድሜ?» ስትለኝ የመጣችበትን ልጠይቅ ነበር፤ ቲማቲሙ ከየት እንደመጣ ጠየቅኳት። ከኢትዮጵያ ነው። ሽንኩርቱም፣ ድንቹም፣ ብርቱካኑም። የሚታረስ መሬት የሌለበት አገር ነው፤ ዝናቡ ትንሽ፣ አፈሩ ጨውና ድንጋይ። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የሚባል ነገር የለም። መብራቱም ከ2011 ጀምሮ በአብዛኛው በድሬዳዋ በኩል በሚሻገር መስመር ከእኛ ግድቦች ይመጣል።

ቀትር ላይ ከተማው ይዘጋል። ሱቁ፣ ቢሮው፣ ባንኩ። ሙቀቱ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ከሰባት ሰዓት ግድም በኋላ በመኪና ጡሩንባ ይመጣል። ጫት! ከአወዳይ ተጭኖ፣ ሳይጠወልግ፣ በየቀኑ። መንገድ ዳር ጠረጴዛ ይዘው የሚጠብቁት ሴቶች ናቸው። እርጥብ ጆንያ ያለብሱታል፤ ውኃ እየረጩ እሽጉን በእጃቸው እየመዘኑ ይሸጣሉ። አንዷን ቆሜ አየኋት። ሰው ሲመጣ ጆንያውን ግማሽ ብቻ ታነሳለች። የበለጠ ከፈለገ የበለጠ ታነሳለች። የከፋውን እላይ፣ የጣፈጠውን እታች አድርጋ ነው የደረደረችው። ደንበኛ መሆኑን በአንድ እይታ ለይታ ለአንዳንዱ በቀጥታ ከታች ትሰጠዋለች።

ጅቡቲዎች መብራዝ በሚሉት ክፍል ትራስ ተደግፎ በርጫ ይጀመራል። የአክስቴ ልጅ አይቅምም፤ ግን ከሥራው ግማሹ እዚያ እንደሚያልቅ ይነግረኛል። «ጠዋት ቢሮ የጠየቅከው ነገር ከሰዓት በርጫ ላይ ነው መልስ የሚያገኘው።» መንግሥትም ከጫቱ ቀረጥ ይሰበስባል። የቤተሰብ ገቢ ምን ያህሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀር የሚያማርሩ ሚስቶች ግን በዝተዋል። የሚሸጡትም ሴቶች፣ የሚያማርሩትም ሴቶች።

ማታ የየመኖቹን ዓሣ በላን። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው ዘርግተው፣ በርበሬ ቀብተው፣ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ጠርዙ አርሮ መሐሉ ጭማቂ እንደያዘ ይወጣል። ከቀጭን ትልቅ ቂጣ ጋር በእጅ ነው የሚበላው። ሳህን የለም፣ ወረቀት አለ። የየመን ጦርነት ሲጀመር ብዙ የመናውያን ባሕሩን አቋርጠው እዚህ መጥተዋል፤ የየመን ምግብ ግን ከዚያም በፊት የከተማው ምግብ ነበር። ወደ የመን በሚያዩ ነጋዴዎች የቆመ ከተማ ነው።

ዓርብ

በዓል ነው፤ የሥራ ሳምንታቸው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው። ከተማው እስከ ጁምዓ ድረስ ተኝቷል። እኔም ተኛሁ።

ከሰዓት በመኪና ስንዞር የጦር ሰፈሮቹን አጥር አየን። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ የአሜሪካኖቹ ካምፕ ለሞኒየር አለ። አፍሪካ ውስጥ ያላቸው ቋሚ ትልቅ ሰፈር ይኸው ነው፤ ድሮ የፈረንሳይ ወታደሮች ነበሩበት። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ከነጻነት በኋላም አልሄዱም። ጃፓን በ2011 ገባች፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከአገሯ ውጭ የከፈተችው የመጀመሪያ ሰፈር ነው። ጣሊያንም አለች። በ2017 ደግሞ ቻይና ዶራሌ ወደብ ጥግ ላይ የመጀመሪያ የውጭ አገር ሰፈሯን ከፈተች። በየትም ዓለም የማይስማሙት እዚህ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ።

ምክንያቱ ካርታ ላይ ነው። ባብ ኤል መንደብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉሮሮ ነው። ከሱዌዝ የሚወርድ፣ ወደ ሱዌዝ የሚወጣ መርከብ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ሌላው አገር ነዳጅ ወይም ቡና ይሸጣል፤ ጅቡቲ የሆነችበትን ቦታ ታከራያለች። አሜሪካኖቹ በ2014 ባደሱት ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፍላሉ። የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ገመዶችም እዚሁ ነው ወደ የብስ የሚወጡት፤ ያም ኪራይ ነው። የኪራይ አገር ጥሩ ጎኑ ተከራይ ሲበዛ ማንም ብቻውን አያዝህም። መጥፎ ጎኑን ሰኞ አየዋለሁ።

ቅዳሜ፦ አሳል

ሹፌራችን በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ከሶማሌዎቹ የኢሳ ጎሣ ናቸው፤ ልጅነታቸው ድሬዳዋ ከዚራ ነው ያለፈው። አማርኛቸው የድሬ ነው፣ «አቦ» እያሉ። «ፕሬዚዳንታችንም ድሬ ነው የተወለዱት፣ አማርኛ ያውቃሉ» አሉኝ። እውነት ነው። ኢስማዒል ዑመር ጌሌ በ1947 ድሬዳዋ ተወለዱ። የኢሳዎች ኡጋስም (የጎሣው ባህላዊ መሪ) መቀመጫው ድሬዳዋ ነው። ሄር ኢሳ የሚባለው የቃል ሕጋቸው በ2024 በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም ዩኔስኮ ዘንድ ተመዝግቧል። ድንበሩ መንግሥታትን ይለያል፤ ጎሣው ግን በሁለቱም በኩል ዘመድ አለው።

መንገዱ የእኛ መኪኖች ነው። ተሳቢ፣ ቦቴ፣ ተሳቢ፣ ቦቴ። ታርጋው «ኢት» የማይል መኪና ስታዩ ነው የምትገረሙት። ዌአ ላይ ሻይ ጠጣን፤ ወተቱ የግመል ነው፣ ስኳሩ ብዙ። ከዚያ መንገዱ ይገነጠላል። የግራው ወደ ዲክሂልና ጋላፊ ይሄዳል፤ እኛ ወደ ቀኝ።

ከዚህ በኋላ ምድሩ ሌላ ነው። ዛፍ የለም። ጥቁር ድንጋይ ብቻ፣ ተሰባብሮ የተደፋ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆም ብለን ወደታች ስናይ ጉቤት የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ታየ። ኃይለኛ ነፋስ ነው፤ የመኪናውን በር ስከፍት ከእጄ ሊነጥቀኝ ነበር። ነፋሱ አሁን ሥራ አግኝቷል። 17 ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች በ2023 ተተክለው 60 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ።

መሬቱ እዚህ በቁሙ እየተቀደደ ነው። የአፍሪካና የዓረቢያ የመሬት ቅርፊት ሳህኖች በዓመት በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ይራራቃሉ። በኅዳር 1978 አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የፈሰሰው ድንጋይ ዛሬም መንገድ ዳር ጥቁር ሆኖ ተኝቷል፤ ስትረግጡት እንደ ብርጭቆ ይንኮሻኮሻል። ሹፌራችን ያኔ ወጣት ነበሩ። «ነጻ ከወጣን ገና ዓመቱ ነው። ሽማግሌዎች መሬቱ እየዘፈነ ነው አሉ» ብለው ሳቁ።

አሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው። ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ። መጀመሪያ የምታዩት ነጭ ነው፣ ሰፊ ነጭ ሜዳ፤ በረዶ አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ ዓይናችሁ ይታለላል። ከነጩ ባሻገር ውኃው አረንጓዴና ሰማያዊ ነው። ጨውነቱ ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ይሆናል። ወንዝ አይሞላውም። ከጉቤት የባሕር ውኃ በድንጋዩ ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል፤ ፀሐይና ነፋስ ውኃውን ይወስዱታል፤ ጨው ይቀራል። እንዲህ ሲል ሺህ ዓመታት አልፈዋል።

ዳር ላይ ወጣት አፋሮች ጠረጴዛ ዘርግተው ጨው ይሸጣሉ። ድቡልቡል የጨው እንክብሎች አሉ፤ ማዕበሉ እያንከባለለ ክብ ያደረጋቸው፣ ከሽንብራ እስከ ሎሚ የሚያህሉ። አንደኛው የፍየል ራስ ቅል አሳየኝ። ሐይቁ ውስጥ ከትተውት ጨው በላዩ በቅሎበታል፤ ቀንዱ ላይ ሳይቀር ጥርስ የመሰሉ ጠጠሮች ተጣብቀዋል። ለፈረንጅ ነው የሚሸጡት። ዋጋውን ስጠይቅ በፈረንሳይኛ ነገረኝ። ሹፌራችን በሶማልኛ ጣልቃ ሲገቡ ወደ ዓረብኛ ዞረ። በመጨረሻ የተስማማነው በጣት ቁጥር ነው።

እዚህ ጨው በግመል ተጭኖ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የሚወጣበት ዘመን ረጅም ነው። አሁን አንድ የቻይና ኩባንያ በማሽን ያወጣዋል። ለዚሁ ጨው ተብሎ ጉቤት ላይ በ2017 ወደብ ተሠርቷል። ግመሎቹ ግን ጨርሰው አልጠፉም፤ ስንመለስ አንድ ቅፍለት ከመንገዱ ራቅ ብሎ ሲሄድ አየን።

ሌላ ማየት የምፈልገው አቤ ሐይቅ ነበር። አዋሽ ያን ሁሉ አገር ተጉዞ፣ የሸንኮራውን እርሻ ሁሉ አጠጥቶ፣ ባሕር ሳይነካ ጅቡቲ ድንበር ላይ እዚያ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ጊዜ አልበቃንም።

እሑድ፦ ታጁራ

ሌሊቱን ታጁራ አደርን። ስንመጣ ከአሳል ማዶ ባለው መንገድ ላይ ሰዎች በእግር ሲሄዱ ደረስንባቸው። አራት ወይም አምስት ይሆናሉ። ነጠላ ጫማ፣ ራሳቸው ላይ የጠመጠሙት ፎጣ፣ እጃቸው ላይ ሃይላንድ። ውኃው አልቋል። መኪናው ሲቆም ከመካከላቸው አንዱ ጠጋ ብሎ ታርጋውን አየና ሶማልኛ ሞከረ። አማርኛ ስናገር ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ውኃ ይዘዋል?»

ያለንን ሰጠናቸው። ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ከአርሲ። ወደ ኦቦክ ነው፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ስንት ቀን እንደሄዱ ስጠይቅ እርስ በርስ ተከራከሩ፤ አልተስማሙም። ትንሹ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። «ባሕሩን ታውቁታላችሁ?» አልኩት። «በቲክቶክ አይተነዋል» አለኝ። ምን ልበለው?

በሚያዝያ 2024 ኦቦክ ዳርቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ያውም ከየመን ወደ አገራቸው ሲመለሱ። ጅቡቲን የሚያውቃት ነጋዴውና ሹፌሩ ብቻ አይደለም። በዚህ መንገድ ያለፈው ወጣት ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ስለ እሱ ግን ወደብ ወደብ ስንል አንሰማም።

ታጁራ ራሷ ቆንጆ ናት። ከኋላዋ የጎዳ ተራሮች፣ ከፊቷ ጸጥ ያለ ባሕር፣ መካከል ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች። ተራራው ላይ ዴይ የሚባል የጥድ ደን አለ፤ እየደረቀ ነው ይላሉ። የአፋር ሱልጣን መቀመጫ የነበረች ጥንታዊ ከተማ ናት፤ ሱልጣኑ ዛሬም አለ፣ ክብር እንጂ ሥልጣን ባይኖረውም። በ1885 መጨረሻ ላይ አርተር ራምቦ የሚባለው ፈረንሳዊ ባለ ቅኔ፣ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ እዚህ መጣ። ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀረው። ሸዋ ደርሶም በዋጋው ምኒልክን አላሸነፋቸውም።

ወደቡን ከሩቅ አየሁት። በ2017 ነው የተከፈተው፣ ከዳናኪል የሚወጣ የእኛ ፖታሽ፣ ማዳበሪያ የሚሠራበት ማዕድን፣ ይጫንበታል ተብሎ። መንገዱም እስከ ባልሆ ድንበር ተሠርቶለታል። ፖታሹ ግን አልመጣም። በጥር 2024 መንግሥታችን የባሕር በር ለማግኘት ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረም ነገሩ ተለዋወጠ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የጅቡቲው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማሕሙድ ዓሊ የሱፍ የታጁራን ወደብ ኢትዮጵያ ታስተዳድረው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እኒሁ ሰው በየካቲት 2025 አዲስ አበባ ላይ ራይላ ኦዲንጋን አሸንፈው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆነዋል። ትንሽ አገር ስትሆን ዲፕሎማት በደንብ ማሠልጠን ግድ ነው። የኢጋድ ዋና መሥሪያ ቤትም ጅቡቲ ነው።

ባሕር ዳር ሻይ ቤት ከአንድ የታጁራ መምህር ጋር ተጫወትን። ስለ ዓሣው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ሙቀቱ አንደበቱ ርቱዕ ነው። ስለ መንግሥት ስጠይቀው ስኳሩን ማማሰል ጀመረ። «ሰላም አለን» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው፤ «ጎረቤቶቻችንን እያቸው።»

እውነቱን ነው፤ ታሪኩ ግን እንዲህ ነው። ፈረንሳይ ኦቦክ ላይ ውል የፈረመችው በ1862 ነው። በ1958ም በ1967ም ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ «ከፈረንሳይ ጋር እንቆይ» የሚለው አሸነፈ ተባለ። በ1977 ነጻ ወጡ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ አብቲዶን እስከ 1999 ገዙ። ከዚያ ጌሌ ያዙ፣ እስካሁንም ይዘዋል። ሁለቱም ኢሳ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በልማድ አፋር ይሆናል። ይህ ልማድ ግን ሁሉንም አላረካም፤ በ1991 የአፋር ታጣቂዎች ፍሩድ በሚል ስም ተነሥተው ሰሜኑ ጦር ሜዳ ሆነ። በ1994 ከከፊሎቹ ጋር፣ በ2001 ከቀሪዎቹ ጋር ስምምነት ተፈረመ። በ2010 የሥልጣን ዘመን ገደቡ ከሕገ መንግሥቱ ወጣ። በ2021 ምርጫ ጌሌ ከ97 በመቶ በላይ አገኙ። የ75 ዓመት የዕድሜ ገደብ ብቻ ሳይነካ ቆይቶ ነበር፤ እሱንም በ2025 መጨረሻ 65 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ አነሣው።

መምህሩ ሒሳቡን እኔ እንዳልከፍል አድርጎ ቀድሞ ከፍሎ ሄደ። እንግዳ ነህ ብሎኝ።

ሰኞ፦ ዶራሌ፣ ባልባላ፣ ፒኬ 12

ጠዋት ከአክስቴ ልጅ ጋር ወደ ሥራው ሄድኩ። ዶራሌ በር ላይ ያለው ወረፋ ትራንዚተርና ሰነድ ነው። ሁሉም ሰው የፕላስቲክ ፋይል በብብቱ ይዟል። ውስጥ ክሬኖቹ ሰው ሳይጮህ፣ ሳይጣደፉ ኮንቴይነር ያነሣሉ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስከገባንበት እስከ 1998 ድረስ ጭነታችን በአሰብም ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከዘጠና በመቶ የማያንሰው ንግዳችን የሚተላለፈው በጅቡቲ ነው። የአክስቴ ልጅ ቁጥሩን ሳይሆን ሰነዱን ነው የሚያሳየኝ። «እያንዳንዱ ወረቀት ብር ነው። አንድ ቀን ባመለጠህ ቁጥር ዲመሬጅ፣ የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥርብሃል።»

የኮንቴይነር ተርሚናሉ ከዱባዩ የወደብ ኩባንያ ከዲፒ ወርልድ ጋር በሽርክና በ2009 ነበር የተከፈተው። በየካቲት 2018 መንግሥት ውሉን አፍርሶ ወሰደው፤ ክርክሩ ለንደን የግልግል ዳኞች ዘንድ ዓመታት ፈጅቷል። አጠገቡ ያለው ሁለገብ ወደብ በ2017፣ ነጻ የንግድ ቀጠናው በ2018፣ ሁለቱም በቻይና ገንዘብና እጅ። ከአበዳሪዎቿ ሁሉ ትልቋ ቻይና ናት።

ከዚያ ወደ ባልባላ ሄድን። ሩቅ አይደለም። ፈረንሳዮቹ በስድሳዎቹ ከተማውን በሽቦ አጥረውት ነበር፤ ከገጠርና ከድንበር ማዶ የመጣው ሰው ከአጥሩ ውጭ ሰፈረ፣ ያ ሰፈር አድጎ ባልባላ ሆነ። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው። አሁን አስፋልትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ሆስፒታልም ገብቶለታል፤ ወደ ውስጥ ስትዘልቁ ግን ውኃ በጀሪካን የሚሸጥባቸው መንደሮች አሉ። ከሰዓት ጥላ ሥር የሚቀመጠው ወጣት ብዙ ነው። አርብ መጥፎ ጎን ያልኩት ይኼ ነው። ክሬን ሠራተኛ አይፈልግም። የጦር ሰፈር ምግቡንም ጭምር ከውጭ ያስመጣል። ኪራይ ለአከራዩ እንጂ ለቤተሰቡ ሁሉ እኩል አይደርስም። በበኩሌ ጅቡቲ ከእኛ በላይ የሚያስፈራት የእኛ ሌላ ወደብ ማግኘት ይመስለኛል፤ ሌላ የሚሸጥ ነገር ገና አልሠራችም።

ወደ ማታ ፒኬ 12 ወረድን። የእኛ ሹፌሮች ሰፈር ነው። አማርኛ ዘፈን፣ ሽሮ፣ እንጀራ፣ ከተሳቢ ሥር የታሰረ አጎበር። አንድ የአዳማ ሹፌር ሰሌን ዘርግቶ ቡና ጋበዘን። ረዳቱ ጎማ ላይ ተንበርክኮ በመዶሻ ይመታል፣ ድምፁን ይሰማል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ወሬው ስለ ፍራንክ ሆነ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ ተቸክሏል፤ ነቅነቅ ብሎ አያውቅም። የእኛ ብር ደግሞ እስከ ሐምሌ 2024 በባንክ 57 ገደማ ነበር፤ አሁን ከ150 አልፏል። «ድሮ አንድ ብር ሦስት ፍራንክ ያወጣ ነበር» አለ ሹፌሩ። «አሁን እኩል ልንሆን ነው። አበሌ በብር ነው፣ የምበላው በፍራንክ። እዚህ አንድ ቀን በቆምኩ ቁጥር ከልጆቼ ላይ ነው የምበላው።»

«ስንት ቀንህ ነው?» አልኩት።

«አራተኛ።»

የሚጭነው ማዳበሪያ ነው። መርከቡ ደርሷል፤ በጆንያ እየተሞላ ነው፤ ተራው ነገ ይደርሳል ብለውታል። ከደረሰው ማታውን ነድቶ ዲክሂል ያድራል። ከዲክሂል እስከ ጋላፊ ያለውን ጉድጓድ ሲያነሳ ረዳቱ መዶሻውን አስቀምጦ ከእኛ ጋር ሳቀ፤ ባለፈው ጉዞ ሁለት ጎማ የበላቸው ያ ጉድጓድ ነው። ከዚያ ሚሌ፣ ከዚያ አዋሽ። መንገዱ ከቀና ዓርብ ሞጆ እገባለሁ ይላል። የአክስቴ ልጅ ሰዓቱን አየና ስልክ ቁጥሩን ተቀበለው፤ የመርከቡን ሰነድ የያዘውን ትራንዚተር ያውቀዋል።